«የየትኛው ዩኒቨርሲቲ ናት?»

ጥያቄውን የጠየቁኝ ሽማግሌ ክፉ አላሰቡም። እንዲያውም እንደ እሳቸው ሩጫ የገባው ሰው አጠገቤ ተቀምጦ አያውቅም። ግን ይኸው ከሦስት ዓመት በላይ ሆነ፣ ጥያቄያቸው አልለቀቀኝም። መኪና ስነዳ ይመጣል፤ ልጄን ከትምህርት ቤት ልወስድ ቆሜ ስጠብቅ ይመጣል። ለሰው ስነግረው «ታዲያ ይሄ ምኑ ያስጨንቃል?» እባላለሁ። ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ጊዜው ሐምሌ 2014 ነው፤ በፈረንጆቹ 2022። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው፤ ስቀያይር ራሴም እምታታለሁ።) የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ዩጂን ላይ፣ ሄይዋርድ ፊልድ በሚባለው የኦሬገን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ይካሄዳል። ከሲያትል ሦስት ሆነን ሌሊት ተነስተን ነዳን። ቲኬት የገዛነው ዘግይተን ስለነበር አንድ ላይ መቀመጥ አልቻልንም። እኔ የደረሰኝ ቦታ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ነው። ኮፍያቸው አረንጓዴና ቢጫ። ከሩቅ ሳያቸው የኛ ደጋፊ መስለውኝ ነበር፤ ቀዩ ብቻ ጎደለ ብዬ። አረንጓዴና ቢጫ የዩኒቨርሲቲው ቀለም መሆኑን ያወቅሁት እዚያው ነው።

አንገታቸው ላይ ሰዓት መያዣ አንጠልጥለዋል። ጉልበታቸው ላይ የውድድሩ መርሐ ግብር፣ እጃቸው ላይ እርሳስ። የሴቶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ ሲጀመር በየዙሩ ሰዓቷን ጫን እያደረጉ፣ በመርሐ ግብሩ ጠርዝ ላይ ቁጥር እየደረደሩ ሄዱ። ሃያ አምስት ዙር። እኔ እጮሃለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ።

የመጨረሻውን ዙር ያየ አይረሳውም። የኛዋ ለተሰንበት ግደይ ከፊት፣ ሲፈን ሐሰን፣ ኬንያውያኑ ሄለን ኦቢሪና ማርጋሬት ኪፕኬምቦይ ከኋላዋ። የመጨረሻውን ቀጥታ መስመር ሲይዙ ኦቢሪ ጎኗ ደረሰች። እኔ በዚያች ሰዓት በልቤ ተስፋ ቆርጫለሁ። ለተሰንበትን በአጨራረስ ስንት ጊዜ ሲቀድሟት አይተናል? የ5,000 እና የ10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰኖች በእጇ እያሉ «መጨረሷ ላይ ነው እንጂ» ስንላት የኖርን ሰዎች ነን። ያን ቀን ግን አልሰጠችም። 30:09.94 እሷ፣ 30:10.02 ኦቢሪ፣ 30:10.07 ኪፕኬምቦይ። ልዩነቱ ስምንት መቶኛ ሰከንድ። ከበላዬ አንዲት እናት እልልታቸውን ሲያቀልጡት እኔ ድምፄ ተዘግቶ ነበር።

ስቀመጥ ሽማግሌው እጄን ጨበጡኝ። «እንኳን ደስ አላችሁ» አሉና እርሳሳቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው፣ ስሟ አጠገብ የሚጽፉት ነገር እንደጎደላቸው ሰው ጠየቁኝ፦ «የየትኛው ዩኒቨርሲቲ ናት?»

«የየትኛውም አይደለችም» አልኩ።

እርሳሱ እዚያው ቆመ። በእኛ አገር ሯጭ የሚያድገው በክለብ እንደሆነ፣ ክለቦቹም የመከላከያ፣ የፖሊስ፣ የማረሚያ ቤት፣ የባንክ መሆናቸውን ነገርኳቸው። «የባንክ?» ብለው ሳቁ፤ የንቀት ሳቅ አልነበረም። እኔ ግን በውስጤ ኮራሁ። እናንተ በስኮላርሺፕ፣ በሐኪም፣ በላቦራቶሪ ታሳድጋላችሁ፤ እኛ ከእርሻ አውጥተን እናሸንፋችኋለን! ኩራቱ ግን አምስት ደቂቃ አልቆየም።

አንድ ዙር ሲቀር

ሽማግሌው ዝም ብለው ቆዩና «ይፍጠርን ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

ምሩጽ ይፍጠርን አውቀው እንደሁ! ማርሽ ቀያሪውን! አባቴ የሞስኮን 10,000 እና 5,000 ሜትር ከሬዲዮ እንደሰማው አድርጎ በየበዓሉ ሲተርክልን ነው ያደግነው። ሙኒክ ላይ በ10,000 ነሐስ አግኝቶ 5,000 ሜትሩ እንዴት እንዳመለጠው፣ ሞንትሪያል በቦይኮቱ እንዴት እንደቀረበት፣ ሁሉንም በቃሌ እወጣዋለሁ። እሳቸው ያሉኝን ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

በ1971 ሐምሌ፣ ሰሜን ካሮላይና ደርሃም ከተማ ውስጥ አሜሪካና አፍሪካ በአትሌቲክስ ይጋጠማሉ። በ5,000 ሜትር ለአሜሪካ የሚሮጠው ስቲቭ ፕሪፎንቴን ነው፤ ያኔ የኦሬገን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የ20 ዓመት ልጅ። ለአፍሪካ ምሩጽ። ሁለቱ እየተናነቁ ሄዱ። በመጨረሻ ምሩጽ ማርሹን ቀየረ፣ ተፈተለከ፣ መስመሩን አለፈና ቆመ። ጨርሻለሁ ብሎ። አንድ ዙር ይቀር ነበር። ፕሪፎንቴን አልቆመም፤ ቀሪዋን ዙር ሮጦ አሸነፈ። በማግስቱ ምሩጽ 10,000 ሜትር ገባና ፍራንክ ሾርተርን ቀደመው፤ በዓመቱ ሙኒክ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈውን ሾርተርን።

«እኔ ያኔ እዚህ ተማሪ ነበርኩ» አሉኝ ሽማግሌው። «ድሉ የእኛ ተብሎ ተጽፏል። ግን የእኛ አልነበረም።»

የነገሩ ማጠንጠኛ ለእኔ እዚህ ጋ ነው። የራሳቸውን ዩኒቨርሲቲ ድል፣ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፎ፣ ለማያውቁት ሰው «የእኛ አልነበረም» ብለው አስረከቡኝ። ስለ ምሩጽ ያልሰማሁትን ከምሩጽ ተፎካካሪ አገር ሰው ሰማሁ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። ሌላም ነገር ወጋኝ፦ ያን ቀን ደርሃም ላይ ምሩጽ ሲቆም «ኧረ ገና ነው! አንድ ይቀርሃል!» ብሎ በሚገባው ቋንቋ የጮኸለት ሰው ነበር ይሆን? ፕሪፎንቴን ከሜዳ ሜዳ ሲሄድ አሠልጣኙም፣ ቡድኑም፣ እንደ እኚህ ያለ ሰዓት ያንጠለጠለ ደጋፊም አብረውት ይሄዱ ነበር። ዙር የሚቆጥርለት ሰው ሞልቶት ነበር።

አረንጓዴና ቢጫ

ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ያላነበብኩት የለም ማለት ይቻላል። ሚስቴ «ከዚያ ነው እንዴ የተመረቅኸው?» እስክትለኝ ድረስ።

የኦሬገን ስም በሩጫ ብቻ አልተጠራም። የመጀመሪያውን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና በ1939 ያነሳው የእነሱ ቡድን ነው፤ ኦሃዮ ስቴትን 46 ለ33 ረትቶ። የቡድኖቻቸው መጠሪያ ዳክዬ ነው። የካርቱኑን ዶናልድ ዳክን መለያቸው ለማድረግ የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ከዋልት ዲዝኒ ጋር በ1947 በእጅ መጨባበጥ ብቻ ተስማማ፤ ለአንድ ኪሎ ቆሎ እንኳ ደረሰኝ በሚጠየቅበት አገር። በአሜሪካን ፉትቦል ግን ለብሔራዊ ዋንጫ ፍጻሜ ሁለት ጊዜ ደርሰው ሁለቴም ተሸንፈዋል። ፉትቦሉን ለሚወደው ልተውለትና ወደ ትራኩ ልመለስ።

ስታዲየሙ በ1919 ሲሠራ ለፉትቦል ነበር፤ መሮጫው ሁለት ዓመት ቆይቶ ተጨመረ። ስሙ ከ1904 እስከ 1947 ካሠለጠኑት ከቢል ሄይዋርድ ተወስዷል። አርባ ሦስት ዓመት! ከዚያ በኋላ የመጣው ቢል ባወርማን እስከ 1972 ቆየ፤ ቡድኑ በእሱ ዘመን የዩኒቨርሲቲዎችን ዋንጫ በ1962፣ በ1964፣ በ1965 እና በ1970 አነሳ። ባወርማን የሯጮቹን ጫማ ራሱ የሚሰፋ አሠልጣኝ ነበር። ፊል ናይት ከሚባል የቀድሞ ሯጩ ጋር በ1964 አምስት አምስት መቶ ዶላር አዋጥተው የጫማ ንግድ ጀመሩ፤ ያ ነው በኋላ ናይኪ የሆነው። ባወርማን ለሶል የሚሆን ፈሳሽ ጎማ የሚስቱ የዋፍል መጋገሪያ ላይ አፍስሶ መጋገሪያውን አበላሸ። እናቴ ብትሆን ምጣዷን የነካባትን ሰው እስከ ዕድሜ ልኳ ታነሳበት ነበር።

ከሁሉም ያስገረመኝ ኦቲስ ዴቪስ ነው። ወደ ኦሬገን የመጣው ቅርጫት ኳስ ሊጫወት ነው፤ ሯጭ አልነበረም። ዕድሜው ከሃያ አምስት አልፎ ባወርማን ዘንድ ሄዶ ልሞክር አለ። በ1960 ሮም ላይ፣ በ28 ዓመቱ፣ 400 ሜትርን በ44.9 ሮጦ ከ45 ሰከንድ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ወርቁም የእሱ። ሮም 1960 ሲባል እኛ የምናውቀው አንድ ሰው ነው። ዴቪስ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ቀን ቀድሞ ነው። አንዱን ዩኒቨርሲቲ አሳደገው፣ ሌላውን የክብር ዘበኛ፤ አንድ ሳምንት ሳይሞላ በአንድ ከተማ ተገናኙ።

ሴቶቹን ያነሳሁ እንደሆነ 2017ን ልዝለል አልችልም። ሰኔ ላይ፣ ሄይዋርድ ላይ፣ በሴቶች የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮና የመጨረሻው ውድድር፣ 4 በ400 ዱላ ቅብብል፣ ቀርቷል። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ 62.2 ነጥብ ይዞ ይመራል፣ ኦሬገን 54። አንደኛ ለሚወጣ 10 ነጥብ፣ ሁለተኛ ለሚወጣ 8። ቁጭ ብለህ አስላው፦ ሁለተኛ ቢወጡ 62 ይሆኑና በዜሮ ነጥብ ሁለት ዋንጫው ያመልጣል። የመጨረሻዋን ዱላ የተቀበለችው ሬቨን ሮጀርስ ናት። ቀድማ ገባች፤ 3:23.13፣ የዩኒቨርሲቲዎች ክብረ ወሰን፤ 64 ለ62.2። በዚያው የትምህርት ዓመት አገር አቋራጩን፣ የቤት ውስጡንና የሜዳውን ዋንጫ ሦስቱንም ያነሳ የሴቶች ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም። ዛሬ ስታዲየሙ ጥግ ላይ ባለው ግንብ የሮጀርስ ምስል ከፕሪፎንቴን ጋር ቆሟል።

እነሱም ቢሆኑ ግን ታሪክ ጠባቂ መላእክት አይደሉም። ከ1925 ጀምሮ የቆመውን የእንጨት የተመልካቾች መቀመጫ በ2018 አፍርሰውት ነው አዲሱን የሠሩት፤ ስንቱ እያለቀሰ። ፕሪፎንቴን ራሱ ያን ሁሉ ክብረ ወሰን ይዞ ተጎታች ቤት ውስጥ የሚኖር፣ በመንግሥት የምግብ ድጎማ የሚበላ ሯጭ ነበር፤ ሯጭ ገንዘብ አይንካ በሚሉት ማኅበረኞች ላይ ሲጮህ ነው ዕድሜው ያለቀው። በ1975 በመኪና አደጋ ሲሞት ገና 24 ዓመቱ ነው። እዚያው ግዛት፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ኮርቫሊስ ያለው ተቀናቃኛቸው ኦሬገን ስቴት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኃይሉ ኤባ የሚባል ኢትዮጵያዊ የማይል ሯጭ ነበረው፤ ስንቶቻችን ስሙን እናውቃለን? በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። የዚያ ዩኒቨርሲቲ የሩጫ ቡድን ደግሞ በ1988 ጭራሽ ተዘጋ።

በማግስቱ እሑድ ታምራት ቶላ ማራቶኑን በ2:05:36 ካሸነፈ በኋላ ፕሪፎንቴን የሞተበት ዳገት ላይ ወዳለው ድንጋይ ሄድን። ሰዉ የመሮጫ ቁጥሩን፣ ሜዳሊያውን፣ ያለቀ ጫማውን ያስቀምጥለታል። ዝናብ የበላው አንድ ጫማ ገመዱ በሥርዓት ታስሮ አየሁ። ጓደኛዬ ኪሱን ዳብሶ ከጉዞ ስንቁ የተረፈች ቆሎ አወጣና ድንጋዩ ሥር አኖረ። «የምሩጽ ዙር ናት» አለ። ሳቅን፤ ግን ማናችንም አላነሳናትም።

ቱታው

አሁን ወደ ራሴ። እኔም የዩኒቨርሲቲ ሯጭ ነበርኩ፤ ይህን ስናገር የሚያምነኝ የለም። አገር ቤት ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ለዩኒቨርሲቲዎች ውድድር በ5,000 ሜትር ተመረጥኩ። መሮጫው አፈር ነው፤ መስመሩ በኖራ የተሰመረ፣ ሦስት ውድድር ካለፈ በኋላ የማይታይ። ስምንተኛ ወጣሁ። ስንመለስ ንብረት ክፍል ጠርቶን ቱታችንን ታጥቦ እንድንመልስ በፊርማ ጠየቀን። መለስን። የኔ የቀኝ ጉልበቱ ወድቄበት ተቀዶ ነበርና አንድ ሳምንት ክሊራንስ ተከለከልኩ። ከዚያ ውድድር የቀረልኝ ወረቀት ያ የቱታ ደረሰኝ ነበር፤ እሱም አሁን የለም። ስሜ፣ ሰዓቴ፣ ስምንተኛ መውጣቴ የትም አልተጻፈም።

ይህን የማወራው ስምንተኛ መውጣት ግንብ ላይ ያስቀርጻል ብዬ አይደለም። ሽማግሌው ሲጠይቁኝ ያፈርኩት ግን ለለተሰንበት ይመስለኝ ነበር፤ ቆይቶ ነው ለራሴ መሆኑ የገባኝ። እኔ እኮ ዩኒቨርሲቲ ነበረኝ። እሷ ደግሞ በልጅነቷ የስፖርት ክፍለ ጊዜ አልሮጥም ብላ ከትምህርት ቤት የተባረረች፣ ለትምህርት ቤቷ እንድትወዳደር ተብሎ የተመለሰች ልጅ ናት። ትምህርት ቤት ሯጭ አደረጋት ቢባል ሐሰት አይደለም፤ የሆነው ግን በማባረር ነው። ያን ሳምንት ወርቅ ካመጡት ሦስቱ ሴቶች፣ ለተሰንበትም፣ የማራቶኗ ጎይተቶም ገብረሥላሴም፣ የ5,000 ሜትሯ ጉዳፍ ፀጋይም፣ የትግራይ ልጆች ናቸው፤ በዚያ ዓመት ይህ ምን ማለት እንደነበር ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ አልነግርም።

በእኛ ቤት ምርጫው ሁለት ነው፦ ወይ ደብተር ወይ እግር። ጎበዝ ሯጭ ከሆንክ ክለብ ይወስድሃል፤ ከስምንተኛና ከዘጠነኛ ክፍል። ጎበዝ ተማሪ ከሆንክ ሩጫው የእሑድ ጨዋታ ይሆናል። እኔ ከሁለት ያጣሁት ነኝ። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ልጃችንን ለማየት ስታዲየሙ እስከ መስከረም 2023 አስጠበቀኝ። ያሬድ ንጉሴ እዚያው ሄይዋርድ ላይ አንድ ማይል በ3:43.97 ሮጦ የአሜሪካን ክብረ ወሰን ሰበረ። ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን፣ እሱ ኬንታኪ ያደገ፣ ኖተርዳም የተማረ፣ የጥርስ ሐኪም ለመሆን ያሰበ። የየትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው ብትሉኝ መልስ አለኝ። በማግስቱ ጉዳፍ ፀጋይ እዚያው ትራክ ላይ 5,000 ሜትርን በ14:00.21 ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘች። እሷ የየትኛውም አይደለችም። ክብረ ወሰኑን በ2025 ቢያትሪስ ቼቤት 13:58.06 ሮጣ ወሰደችው፤ ያም ሄይዋርድ ላይ።

ስልኩ

ባለፈው ክረምት ያኔ ያሠለጠኑንን መምህር ስልክ አፈላልጌ አገኘሁ። ጡረታ ወጥተዋል። ጆሯቸው ትንሽ ደክሟል፤ ስሜን ሦስት ጊዜ ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ የዚያን ቀን ሰዓቴ ስንት እንደነበር ያስታውሳሉ?»

«ሰዓቱን ተወው» አሉ። «አንተ ሁለተኛው መስመር ላይ የምትሮጠው ልጅ አይደለህም እንዴ?»

«ሁለተኛው መስመር?»

«አዎ! ኖራው ጠፋና ጥጉን ትተህ ወደ ውጭ ወጣህ። በየዙሩ ሰባት ሜትር ከምናምን ትጨምራለህ። አሥራ ሁለት ዙር ተኩል ነው፤ አስላው እንግዲህ! ወደ ዘጠና ስድስት ሜትር በትርፍ ሮጠሃል። ስንት ጊዜ ጮህኩብህ፣ ‹ግባ! ወደ ውስጥ ግባ!› እያልኩ። ጉሮሮዬ እስኪነቃ!»

አልሰማሁም ነበር። ያን ቀን የሰማሁት የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነው። ሰውዬው ግን ይህን ሁሉ ዓመት ሰባቷን ሜትር በየዙሩ እየደመሩ ይዘውልኝ ኖረዋል። ምን እንደምል ጠፋኝ።

እሳቸውም ዝምታዬን የመስመር መቆራረጥ መስሏቸው ሃሎ ሃሎ ብለው ቀጠሉ። አሜሪካ መሆኔን ሲሰሙ የለተሰንበትን 10,000 ሜትር እዚያው ሆኜ አይቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። አይቻለሁ አልኩ፤ ደረቴን ነፋሁ።

«እንዴት ያለ ዕድል ነው! በል ንገረኝ» አሉ። «የመጨረሻዋን አንድ ሺህ በስንት ሮጠችው? ሰዓት ይዘህ ነበር?»

አልያዝኩም። ስጮህ ነበር። የያዙት፣ በመርሐ ግብሩ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የደረደሩት፣ ባለ አረንጓዴና ቢጫ ኮፍያው ሽማግሌ ናቸው።

«ፈልጌ እደውልልዎታለሁ ጋሼ» አልኳቸው።

«ፈልግ» አሉ። «እኔ እስክሪብቶ ይዤ እጠብቅሃለሁ።»